ማጀቴ የፈረሰችበት ግንቦት እና የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

በ2017 አዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር እየደጋገመች ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ከቀዬው ተነሣ። ያን ሰሞን ፌስቡኩ ሁሉ «ቁጣ ነው»፣ «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» በሚል ተሞልቶ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ካራቆሬ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ወሬ መስማት ይከብዳል። ለምን መሰላችሁ?

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ በአምስት ወሩ ማለት ነው፣ የኛው ምድር ተነሣ። መንቀጥቀጡ በአንድ ቀን አልበረደም፣ ለወራት ቆየ። ትልቁ 6 ተኩል ገደማ ነበር። ጎረቤታችን ማጀቴ ፈረሰች። ካራቆሬ ላይ ከ100 ቤት 45ቱ ገደማ ወደቀ። አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጎዳ። እስከ ዛሬ ድረስ ባለሙያዎች የሚጠሩት በከተማችን ስም ነው፤ «የካራቆሬ መንቀጥቀጥ» ይሉታል።

የሚገርመኝ ግን ይህን መዝግቦ ያቆየልን ሰው ካህን መሆኑ ነው። ፒየር ጉዌን የሚባል ካናዳዊ ኢየሱሳዊ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋመ። በ1979 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሳይቀር አገላብጦ የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰበሰበ። ቄስ ሆኖ ኃጢአተኛ ፍለጋ አልወጣም፤ ስንጥቁን ለካ።

እንግዲህ የክርስትናው መልስ ለክፉ ነገር የታወቀ ነው፦ ነጻ ፈቃድ። እግዚአብሔር ክፋትን አልፈጠረም፣ ሰው መረጠው። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ መጽሐፍ ጽፎበታል። በኛም ቤት መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 ሰው በፊቱ እሳትና ውኃ ቀርቦለት እጁን ወደ ወደደው እንደሚሰድ ይናገራል። ጥሩ። ይህ ለቃየል ይሠራል። ለማጀቴስ? የማጀቴ ግድግዳ የወደቀው በማን ፈቃድ ነው?

በ1755 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ይኸው ጥያቄ አውሮፓን አናወጠ። ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጣሪያው እላዩ ላይ ወረደ። ቮልቴር በግጥም ተቆጣ። ሩሶ ደግሞ መለሰለት፦ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ቤት አጨናንቆ የሠራው ተፈጥሮ አይደለም፣ ሰው ነው። ለኔ ሩሶ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ግን የማጀቴ ገበሬ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ደግሞ ማሾውንና ማሽላውን የሚያበቅልልን ሜዳ ራሱ ምድር ስትሰነጠቅና ስትሰምጥ የተፈጠረ ነው። ያው ስንጥቅ ነው የሚያበላንም የሚያፈርሰንም። ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰው ሲሞት፣ ክርስቶስ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ናቸው የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። የፌስቡክ ሰባኪዎቻችን ይህን ገጽ እየዘለሉ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ሚያዝያ 2013 መጣ። አጣዬና ዙሪያዋ። እሱ መንቀጥቀጥ አልነበረም፣ እጅ ያለው ሰው የለኮሰው እሳት ነው። ዝርዝሩን አልገባበትም፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በኋላ አንዲት ተማሪዬ፣ ከአጣዬ የመጣች፣ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቤታችንን ያቃጠለው ሰው ፈቃዱ ተከበረለት። የእናቴ ፈቃድ ቤቷ እንዳይቃጠል ነበር። የሷ ለምን አልተከበረላትም?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም።

አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይህን ያህል ነው። ነጻ ፈቃድ የሚለው ትምህርት ያቃጠለው ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ለምን በእናቷ ላይ እንደሆነ አይነግረንም። ቢሆንም አልጥለውም። «ቁጣ ነው» ያልን እንደሆነ ክብሪቱን የያዘው ሰው የእግዚአብሔር በትር ሆኖ ያርፈዋል፤ ማንም ሊጠይቀው አይችልም። ፈቃዱ ነው ካልን ግን ይጠየቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በቀደር ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩት ከዚሁ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

ለልጅቷ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። «ኢዮብን አንብቢ» ብዬ አለፍኩ፣ እውነቱን ለመናገር ለማምለጥ ነው። በሳምንቱ በር ላይ ጠብቃ፣ «ቲቸር፣ አነበብኩት። እግዚአብሔር መጨረሻ ላይ የተቆጣው እኮ በኢዮብ አይደለም፤ ምክንያቱን ሲያስረዱት በነበሩት ወዳጆቹ ነው» አለችኝ።

ስንት ጊዜ ያነበብኩት መጽሐፍ ነው። ይህን አላየሁትም ነበር።