የፀረ ተባይ ኬሚካሎች አዘገጃጀት

የፀረ ተባይ ኬሚካል አዘገጃጀት (ፎርሙሌሽን) የሚባለው ገዳዩ ንጥረ ነገር ከማሟሚያ፣ ከዘይት፣ ከሸክላ ዱቄት ወይም ከማጣበቂያ ጋር ተቀናብሮ ለሥራ የሚቀርብበት መልክ ነው። በዕቃው ላይ የሚታተመው ቁጥር የገዳዩን መጠን፣ አብረውት ያሉት ፊደላት መልኩን ይነግራሉ። «ማንኮዜብ 80 ደብሊውፒ» የሚል 2.5 ኪሎ ከረጢት 2 ኪሎ ማንኮዜብ የያዘ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው።

አመጣጥ

ከቀደምቶቹ ዝግጅቶች አንዱ የቦርዶ ድብልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ሚያርዴ በሜዶክ ሲያልፍ ከመንገድ ዳር ያሉት ወይኖች ብቻ ቅጠላቸው ሳይረግፍ አየ። ገበሬዎቹ መንገደኛ ፍሬውን እንዳይለቅም መዳብና ኖራ ይረጩባቸው ነበር። ሚያርዴ ውጤቱን በ1885 ይፋ አደረገ። ሙከራው የተካሄደው በዶዛክ የወይን እርሻ በመሆኑ አስተዳዳሪውን ኤርነስት ዳቪድን የግኝቱ ተካፋይ የሚያደርጉም አሉ። የመዳብ ሰልፌት ለብቻው ቅጠል ያቃጥላል፤ ጉዳቱን የሚያበርደው ኖራው ነው።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ዱቄቱ (ደብሊውፒ) በቀጥታ መርጫው ውስጥ አይጨመርም። መጀመሪያ በባልዲ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ይለወሳል፣ ከዚያ ይቀጥናል። ሳይነቀነቅ ከቆየ ይዘቅጥና የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል። በሚመዘንበት ጊዜ የሚቦነው ብናኝ ወደ ሳንባ ስለሚገባ አፍንጫና አፍን መሸፈን ግድ ነው። በጠጠር መልክ የተሠራው (ደብሊውጂ) ብናኙ ያነሰ ነው።

ኢሲ በዘይታማ ማሟሚያ የሟሟ ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል። ማሟሚያው መርዙን በቆዳ በኩል ያሰርጋል፤ ስለዚህ አደገኛው ሰዓት ከርጭቱ ይልቅ ያልተበረዘው ፈሳሽ የሚለካበት ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዩኤልቪ ለበረሃ አንበጣ የሚውል ዘይታማ ፈሳሽ ነው። ውሃ ሳይጨመርበት በሄክታር 1 ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይረጫል። ደቃቅ የውሃ ጠብታ በቆላ ሙቀት አየር ላይ ይተናል፤ የዘይት ጠብታ ግን አንበጣው ዘንድ ይደርሳል።

ጭስ ሰጪዎች

የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚያድርበት ቤት እህል በዚህ ማከም ይገድላል።

ቁጥጥር

በኢትዮጵያ ምዝገባና ቁጥጥሩ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ተደንግጓል። ማንኛውም ፀረ ተባይ ወደ ውሃ ሃይላንድ ወይም ወደ ለስላሳ ጠርሙስ መገልበጥ የለበትም፤ ዓይነቱንም መጠኑንም የሚነግረው የመጀመሪያው ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው።