የመፍቻ እጀታ ለምን ረዘመ?

አጨዳ ደርሶ የትራክተሩ የጎማ ብሎን አልፈታ ሲል መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ መጫን የተለመደ ነው። መፍቻው ካመለጠ ግን ጥርስም እጅም ይሰብራል። እስቲ ታሪኩን እንይ።

ድሮ እያንዳንዱ ወርክሾፕ ብሎን የሚሠራው በራሱ ልክ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ወጥ የሆነ የብሎን ጥርስ ልክ አቀረበ። የብሎኑ ልክ ሲታወቅ መፍቻውም በልኩ ይሠራ ጀመር፤ ለቀጭን ብሎን አጭር፣ ለወፍራም ረጅም እጀታ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እጀታው ከ30 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም፣ በዚያው ጉልበት የሚጠመዝዘው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ቀጭን ብሎን ይሄን አይችልም፣ ይበጠሳል።

በ1946 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ መመረት የጀመረው የፈርጉሰን ትራክተር የራሱ መፍቻ ነበረው። በዚያች አንዲት መፍቻ ገበሬው አብዛኛውን ብሎን ይፈታል፣ የማረሻውንም ልክ ይለካባታል። ርዝመቷ እንዲሁ የመጣ ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው።

ቱቦ ስንሰካ ግን ሠሪው ያላሰበውን ርዝመት እንጨምራለን። ወይ አፉ ይከፈታል፣ ወይ እጀታው ይጎብጣል። ስለዚህ ለከባድ ብሎን ስትገዙ ከመጀመሪያው ረጅም ሆኖ የተሠራውን፣ ብረቱ ክሮም ቫናዲየም የሆነውን፣ አፉ ብሎኑን ግጥም አድርጎ የሚይዘውን ምረጡ። የዛገውን ብሎን ቀድማችሁ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ ዘይት አጠጡት፣ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ሳትዘሉበት ወደ ራሳችሁ ሳቡት።