ሽልማቱ የመዘነው ምንድን ነው? ኤሚና የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ

ጃንዋሪ 25 ቀን 1949 በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በሆሊውድ አትሌቲክ ክለብ አዳራሽ፣ የመጀመሪያው የኤሚ ሽልማት ተሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ሽልማቱ ያን ጊዜ ከከተማይቱ ጣቢያዎች ያላለፈ፣ በቁጥርም ስድስት ብቻ ነበር። ስሙ የመጣው ከኪነ ጥበብ ሳይሆን ከመሣሪያ ነው፤ የቴሌቪዥን ካሜራ ዓይን የነበረውን ኢሜጅ ኦርቲኮን የተባለ ቱቦ ባለሙያዎቹ በቁልምጫ «ኢሚ» ይሉት ነበር፤ ሐውልቷ የሴት ስለሆነች «ኤሚ» ተባለች። ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን የሚገርመው ሌላ ነው። ለቴሌቪዥን ከተሠሩ ፊልሞች መካከል በዚያ ምሽት ምርጥ የተባለው ከጊ ደ ሞፓሳን አጭር ልብ ወለድ የተወሰደው «የአንገት ሐብል» ነበር። ታሪኩን ብዙው አንባቢ ያውቀዋል፤ አንዲት ሴት ለአንድ ምሽት ግብዣ ሐብል ትዋሳለች፣ ይጠፋባታል፣ ምትኩን ገዝታ ዕዳውን ለመክፈል ዐሥር ዓመት ትለፋለች፤ በመጨረሻ የተዋሰችው ሐብል አርቲፊሻል እንደነበረ ትሰማለች። የቴሌቪዥን ድራማ ሽልማት ታሪክ የሚያብለጨልጨው ነገር እውነተኛ ነውን ብሎ በሚጠይቅ ድርሰት መጀመሩ አጋጣሚ ብቻ ነው። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከሽልማቱ አልተለየም።

ጥያቄውን እዚህ ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የቴሌቪዥን ድራማን ለመመረቂያ ጥናታቸው የሚመርጡ ተማሪዎች ያጋጥሙናል። ለምን ይህን ድራማ እንደመረጡ ሲጠየቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ይህን ያህል ሽልማት አግኝቷል» የሚል ነው። በልብ ወለድ ወይም በግጥም ጥናት እንዲህ ያለውን መልስ አንቀበልም፤ ተማሪው ሥራውን አንብቦ በራሱ ሚዛን እንዲመዝን እንጠይቃለን። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሲሆን ግን ሽልማቱ የሂስን ቦታ ተክቶ ዝም ይባላል። ስለዚህ ሽልማቱ ይገባቸው ነበር ወይስ አይገባቸውም ብሎ ከመከራከር በፊት፣ ዳኞቹ በእርግጥ የመዘኑት ምኑን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

በ1950ዎቹ መልሱ አስቸጋሪ አልነበረም። የዘመኑ ድራማ በቀጥታ የሚተላለፍ፣ በአንድ ምሽት ተጀምሮ የሚያልቅ ተውኔት ነበር። ሮድ ሰርሊንግ የጻፈውና በ1956 በሲ ቢ ኤስ ጣቢያ የተላለፈው «ሬኩዌም ፎር ኤ ሄቪዌት» የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ቡጢኛ ሐኪም ከመድረኩ ሲያግደው የሚደርስበትን ያሳያል። ሥራው ኤሚ ሲሸለም ዳኞቹ መነሻውን፣ ግጭቱንና መፍቻውን አይተዋል። ሽልማቱ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ተከራካሪውም ዳኛውም የሚናገሩት ስለ አንድ የተፈጸመ ድርሰት ነው። ይህ ሁኔታ በቴሌቪዥን ታሪክ ብዙ አልቆየም። ጣቢያዎቹ ተመልካቹን በየሳምንቱ መልሶ ወደሚያመጣው ተከታታይ ድራማ አዘነበሉ፤ ሽልማቱም ተከትሏቸው ሄደ።

የተከታታይ ድራማና የሽልማት ግንኙነት ሁልጊዜ መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። ስቲቨን ቦችኮና ማይክል ኮዞል የፈጠሩት «ሂል ስትሪት ብሉዝ» በጃንዋሪ 1981 በኤን ቢ ሲ ሲጀመር የተመልካቹ ቁጥር እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ድራማው ተመልካቹ ያልለመደውን ነገር አመጣ፤ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ ንግግሮች ይደራረባሉ፣ በአንዱ ሳምንት የተነሣ ጉዳይ በዚያው ሳምንት አይዘጋም። ጣቢያው ታግሦ ለሁለተኛ ዓመት አቆየው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ስምንት ኤሚ ሲያገኝ ያላዩት ሰዎች ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። እስከ 1984 አራት ዓመት በተከታታይ የምርጥ ድራማነቱን ሽልማት ወስዶ እስከ 1987 ዘለቀ። እዚህ ላይ ሽልማቱ የሂስ ሥራ ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ገበያው ሊያልፈው የነበረውን አዲስ ቅርጽ አውጥቶ አሳየ።

ይሁንና ችግሩም የተወለደው ከዚሁ ድራማ ነው። «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የታሪኩን ክር ከሳምንት ሳምንት መጎተት የሚቻል መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ ከእሱ የተማሩ ደራሲዎች ክሩን ከዓመት ዓመት ይስቡት ጀመር። የዳኝነቱ ደንብ ግን ባለበት ቆመ። ተወዳዳሪው ድራማ የሚዳኘው በአንድ ዓመት ውስጥ ባቀረበው ምዕራፍ ነው፤ ለዳኞች የሚላኩትም በአዘጋጆቹ የተመረጡ ጥቂት ክፍሎች ሲሆኑ ቁጥራቸው ለረጅም ጊዜ ስድስት ነበር። እስከ 2014 ድረስ አሸናፊውን የሚለዩት በፈቃዳቸው የሚቀርቡ ውስን ዳኞች ነበሩ፤ ከ2015 ወዲህ የየዘርፉ አባላት በስፋት ድምፅ እንዲሰጡ ተደርጓል። የመራጩ ቁጥር መብዛቱ ግን የሚመረጠውን ነገር አልለወጠውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመካከሉ በተመረጡ ስድስት ምዕራፎች ብቻ፣ ያውም ሐዲስ ዓለማየሁ ገና ጽፈው ሳይጨርሱት፣ እንዳኘው ቢባል ምን እንላለን? ምናልባት ቋንቋውን እናደንቅ ይሆናል፤ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ነገር ምን ላይ እንደሚያርፍ ግን አናውቅም።

የደንቡ ውጤት ጎልቶ የሚታየው በሁለት ድራማዎች ዕጣ ነው። አሮን ሶርኪን የፈጠረው «ዘ ዌስት ዊንግ» በ1999 ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመቱ ዘጠኝ ኤሚ ወሰደ፤ ከ2000 እስከ 2003 አራት ጊዜ በተከታታይ ምርጥ ድራማ ተባለ። በ2000 የድርሰት ሽልማት ያገኘለት ክፍል የገና ሰሞን ታሪክ ነው። አንድ የቀድሞ ወታደር መናፈሻ ወንበር ላይ ሞቶ ይገኛል፤ የለበሰው ካፖርት የፕሬዚዳንቱ አማካሪ በልግስና የሰጠው በመሆኑ ፖሊስ አማካሪውን ይጠራዋል፤ እሱም ለማያውቀው ሰው ክብር ያለው የቀብር ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃል። ክፍሉ በራሱ የተሟላ፣ ልብ የሚነካ ነው። ቀድሞ ምንም ያላየ ዳኛ ተቀምጦ ቢመለከተው ይገባዋል። የሶርኪን ቃለ ተውኔት ፈጣንና የሚያምር መሆኑንም ማንም አይክደውም። ለእኔ ግን አራቱን ዓመት አንድ ላይ ሲያዩት ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ሰው አንደበት ይናገራሉ፤ ፕሬዚዳንቱም ጸሐፊዋም አንድ ዓይነት ቀልድ ይቀልዳሉ፤ ችግር በንግግር ይነሣል፣ በንግግርም ይፈታል። ስድስት ክፍል ብቻ ያየ ሰው ይህን ጉድለት ሊያየው አይችልም።

«ዘ ዋየር» በጁን 2002 በኤች ቢ ኦ ተጀምሮ በማርች 2008 ያበቃ የ60 ክፍል ድራማ ነው። ዋና ደራሲው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ከተማ ጋዜጠኛ ነበር፤ ባልደረባው ኤድ በርንስ ደግሞ በዚያው ከተማ መርማሪ ፖሊስ፣ ኋላም መምህር ሆኖ ሠርቷል። ከእነሱ ጋር ጆርጅ ፔሌካኖስ፣ ሪቻርድ ፕራይስና ዴኒስ ሌሄን የተባሉ የታወቁ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ነበሩበት። አምስቱ ምዕራፎች የአንድን ከተማ አካላት አንድ በአንድ ይከፍታሉ፤ መጀመሪያ የአደንዛዥ ዕፅ ንግዱንና ፖሊሱን፣ ቀጥሎ ወደቡን፣ ከዚያ የከተማውን ፖለቲካ፣ አራተኛ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻ ጋዜጣውን። ሳይመን አርአያው የግሪክ ትራጄዲ መሆኑን ሲገልጽ፣ በአማልክቱ ቦታ የዘመኑን ተቋማት እንዳስቀመጠ ተናግሯል።

ይህ ድራማ በስድስት ዓመት ውስጥ ለኤሚ እጩ የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም በ2005 እና በ2008 በድርሰት ዘርፍ ነው። አንድም አላሸነፈም። በትምህርት ቤቱ ላይ ያተኮረው አራተኛ ምዕራፍ፣ በእኔ ሚዛን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ካፈራቸው ሁሉ የሚልቀው፣ በ2007 ለእጩነት እንኳ አልቀረበም። ምክንያቱን ለመረዳት ከዚያ ምዕራፍ አንድ ልጅ መከተል ይበቃል። ዱኪ የሚባለው ተማሪ የሚኖረው በሱስ በተያዙ ዘመዶቹ መካከል ነው፤ ልብሱ ስለሚሸት ጓደኞቹ ይሸሹታል። ፖሊስነቱን ትቶ የሒሳብ መምህር የሆነው ፕሬዝቢሉስኪ ልብሱን ያጥብለታል፣ ምሳ ያመጣለታል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ፣ ዱኪ ወደ መምህሩ ተመልሶ ትምህርት ለመመዝገብ ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል። መምህሩ እየተጠራጠረ ይሰጠዋል። ጥቂት ቆይቶ ልጁን በፈረስ ጋጣ ውስጥ መርፌ ሲወጋ እናየዋለን። በዚያው የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ በሱስ ሲማቅቅ ያየነው በብልስ፣ ከእኅቱ ቤት ምድር ቤት ወጥቶ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ቦታውን ይዟል። ማንም ይህን አይናገረውም፤ ንግግርም የለም፤ ትርጉሙ የተሠራው በተመልካቹ ትዝታ ነው። የጋጣውን ትዕይንት ለብቻው የተመለከተ ዳኛ የሚያየው አንድ የማያውቀውን ወጣት ነው።

በእርግጥ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ ይሆናል። ድራማው የተሠራው ከሆሊውድ ርቆ በባልቲሞር ነው፤ የተዋናዮቹ ብዛት አንዱን ነጥሎ ለማድነቅ አያመችም፤ የመንገዱ ቋንቋ ለአሜሪካውያን ጆሮ እንኳ ይከብድ ነበር። ነገር ግን ሥራው ለሽልማት ዓይን ፈጽሞ የተሰወረ እንዳልነበረ አንድ ማስረጃ አለ። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፒቦዲ ሽልማት የ2003 ተሸላሚ አድርጎታል። የፒቦዲ ቦርድ የሚወያየው ሥራዎችን በዘርፍ ከፋፍሎ ሳያፎካክር፣ የእያንዳንዱን ብቃት ለየብቻ በማየት ነው።

የተገላቢጦሹ ምሳሌ «ጌም ኦቭ ትሮንስ» ነው። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልብ ወለዶች ላይ የተመሠረተው ይህ ድራማ ከ2011 እስከ 2019 በ73 ክፍሎች ቀርቦ በድምሩ 59 ኤሚ አግኝቷል። አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ከታተመ ወዲህ ስድስተኛው አልተከተለም፤ ስለዚህ ድራማው መጽሐፉን ቀድሞት ሄደ። እስከዚያ ድረስ የሴራው ጥንካሬ እያንዳንዱ ድርጊት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነበር፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚመስለው ኔድ ስታርክ በራሱ ሐቀኝነት ምክንያት አንገቱ ይቀላል። በስድስት ክፍል የተጠቀለለው የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ገጸ ባሕርያቱን ቀድሞ ወደተወሰነላቸው ፍጻሜ ያቻኩላቸዋል፤ የዴኔሪስ ወደ ጭፍጨፋ መዞር ሊሆን የማይችል ስለሆነ ሳይሆን መንገዱ ስላልተጠረገለት ያላሳመነ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመልካቾች ምዕራፉ እንደገና እንዲሠራ በፊርማ ጠየቁ። (ድርሰትን በፊርማ ማረም ይቻላል የሚለው እምነት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።) በሴፕቴምበር 2019 ግን ያው ምዕራፍ 12 ኤሚ ወሰደ፤ ምርጥ ድራማም ተባለ። በዚያው ምሽት የድርሰት ሽልማቱ «ሰክሴሽን» ለተባለው ድራማ ክፍል፣ ለጄሲ አርምስትሮንግ፣ ነበር የተሰጠው። አካዳሚው የስምንት ዓመቱን ድካም በአንድ ዋንጫ ሲያመሰግን፣ የጽሑፉን ድካም ለይቶ ሌላ ቦታ አስቀመጠው ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ከዋናው ሽልማት ይልቅ ይነግረናል።

«ብሬኪንግ ባድ»ስ? ይህ ድራማ የሚገባውን አግኝቷል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ያገኘበት ቅደም ተከተል መታየት አለበት። በ2008 በሰባት ክፍሎች ሲጀምር ወዲያው የተሸለመው ዋናው ተዋናይ ብራያን ክራንስተን ነው። ምርጥ ድራማ የተባለው በ2013 እና በ2014 ብቻ፣ ማለት የኬሚስትሪው መምህር ጥፋት ወደ መቋጫው ሲደርስ ነው። ትወና በአንድ ትዕይንት ይታያል፤ ሴራ ግን እስኪያልቅ ይጠብቃል። በ1999 የጀመረው «ዘ ሶፕራኖስ»ም ተዋናዮቹ ኢዲ ፋልኮና ጄምስ ጋንዶልፊኒ ቀድመው ተሸልመው፣ እሱ ራሱ ምርጥ ድራማ እስኪባል እስከ 2004 ጠብቋል። በኬብል ከሚሰራጩት ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ድራማም እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ተማሪ «ኤሚ አግኝቷል» ሲለን፣ በየትኛው ዘርፍ፣ በየትኛው ዓመት፣ ለየትኛው ክፍል ብለን ብንጠይቀው መልሱ የጥናቱ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለትወናና ለአንድ ክፍል ድርሰት የተሰጡት ሽልማቶች ዳኞቹ በእርግጥ ያዩትን ነገር ይመለከታሉና በአመዛኙ ሊታመኑ ይችላሉ። ምርጥ ድራማ የሚለው ግን ዳኞቹ ሙሉውን ያላዩት ሥራ ስም ነው። ከ«ብሬኪንግ ባድ» ታሪክ የተቀዳው «ቤተር ኮል ሶል» ከ2015 እስከ 2022 በ63 ክፍሎች ቀርቧል፤ አንድ ተራ ጠበቃ ስሙንና ኅሊናውን ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳይ፣ ከምንጩ ይልቅ ጥልቀት ያለው ሥራ ነው። 53 ጊዜ ለኤሚ እጩ ሆኖ አንድም ጊዜ አላሸነፈም።