ከመገረም ወዲያ

ተማሪ በተሰበሰበበት የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ፤ «ይህን ታውቁ ኖሯል?» የሚሉት። አንዱ ከታሪክ፣ ሌላው ከሳይንስ አንድ አስገራሚ ነገር ጣል ያደርጋል፤ የቀረነው «ኧረ ተው!» እንላለን፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ጨዋታውን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ የምንገረመው ዘወትር በሩቅ አገር ጉድ ነው። የኤፍል ማማ በበጋ ሙቀት እንደሚረዝም የሚያውቅ ተማሪ ስለ ደብረ ታቦር ሲጠየቅ «ቡሄ» ብሎ ያበቃል። ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ፣ ተገርመን ዝም ማለታችን ነው። «እንዴት ሆነ? በማን ጉልበት ሆነ?» ብለን አንጠይቅም። እስቲ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ እንሞክረው።

ከስሟ እንነሣ። ከተማዋ የምትጠራው በገሊላ በሚገኘው የታቦር ተራራ ነው። ያ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 580 ሜትር ገደማ ነው። የእኛዋ ከተማ ግን 2,700 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች፤ ስሙን ካወረሳት ተራራ ከአራት እጥፍ በላይ ትበልጣለች! ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚሰድደው ጎረቤቷ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል።

ታዲያ ከፍታ ለእይታ ብቻ አይደለም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የሸመደድነው ለባሕር ዳር ሰው እንጂ ለደጋ ሰው አይሠራም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ደብረ ታቦር ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጉና ጫፍ ላይ ወደ 86 ዝቅ ይላል። ድስቱ ቢንተከተክ ቢንተከተክ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ባቄላውና ሽምብራውም ቶሎ አይበስልም። ለፊዚክስ መምህሩ ይህ አንድ መስመር ቀመር ነው። ለደጋዋ እናት ግን ተጨማሪ ሸክም እንጨት ነው። «በማን ጉልበት?» ማለቴ እንዲህ ያለውን ነው።

ወደ ታሪኩ እንምጣ። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከትግሬና ከሰሜን ጦራቸውን አስከትለው ራስ ዓሊን በደብረ ታቦር ገጠሙ። ውቤ አሸነፉ፤ ራስ ዓሊም ከጦር ሜዳው ሸሹ። ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ውቤ ድላቸውን ሲያከብሩ ከራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው! ተሸናፊው ሸሽቶ ሳለ አሸናፊው ተማረከ። ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም። ከሳቁ በኋላ ግን ይጠየቅ፤ የዘመነ መሳፍንት ጦር በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ መሪው ከተያዘ ሁሉም ይበተናል። ወታደሩ ቋሚ ደመወዝ ስላልነበረው የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። የትኛውም መስፍን ያሸንፍ፣ የትኛውም ይማረክ፣ የጉናው ገበሬ ሁለቱንም ቀልቧል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ፣ ወደ ሴባስቶፖል። ከደብረ ታቦር እምብዛም በማይርቀው በጋፋት ዓፄ ቴዎድሮስ ያሠሩትን መድፍ ሁላችንም ሰምተናል። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ የመጣ ነው። የሚገርመው፣ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ያች ከተማ ገና በከበባ ላይ ነበረች። መድፉን የሠሩት ነጮችም መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከስዊዘርላንድ፣ ከባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ማሠልጠኛ ለወንጌል ሥራ የተላኩ ሚስዮናውያን ናቸው። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው ነሐስ አቀለጡ!

ሰባት ቶን ገደማ፣ ማለትም 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ተሠራ። እሺ፣ ከዚያስ? በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። የዚያን ጊዜ በዚያ አገር የሠረገላ መንገድ የሚባል አልነበረም። መንገዱ በእጅ ተቆፈረ፤ አለቱ ተፈነቀለ። መድፉን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት። የጅዳን ገደል ወርደው፣ ደላንታ ወጥተው፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ የገቡት ስድስት ወር ያህል ከተጓዙ በኋላ ነው። በዚያው ወራት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከባሕር ተነሥቶ ይመጣ ነበር፤ የሱን ከባድ መሣሪያ የተሸከሙለት ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ናቸው። አንዱ ወገን ዝሆን ነበረው፤ ሌላው ሰው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጉልበት የተጠረገውን የጅዳ መንገድ የእንግሊዝ ጦር ራሱ ተጠቀመበት! ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ውጊያውን የወሰነውም የመድፍ ግዝፈት አልነበረም፤ ከኋላው የሚጎርሰውና ቶሎ ቶሎ የሚተኩሰው ስናይደር ጠመንጃ ነበር። ሴባስቶፖልን ግን እንግሊዞች አልወሰዱትም። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

ጋፋት የነበሩት ነጮች ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? ይህም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ከመካከላቸው ታዋቂ የሆነው ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኋላም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትዝ ሃል የተባለው የፖላንድ ተወላጅ መድፍ ሠሪ ደግሞ ያገባው የጀርመናዊው ሠዓሊ የዛንደርንና የአንዲት ኢትዮጵያዊትን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ማግዳሌና የተባለች ልጅ ተወለደችላቸው። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ማን ነው ብትሉ፣ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው! አንዱን ሽልማት ያገኘው «ስፓርታከስ» በተባለው ፊልም ነው፤ ስለ ባሮች አመፅ በሚተርክ ፊልም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የነሐስ አቅላጩን የዘር ሐረግ እስከ ለንደን፣ እስከ ሆሊውድ ድረስ መቁጠር ይቻላል። ጠፍሩን ትከሻቸው ላይ አድርገው 70 ኩንታል ነሐስ በበሽሎ ገደል ያወጡት ሰዎች ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ «ብዙ ሰው» ተብለው ቀሩ። ስንቅ የተሸከሙት ሴቶች ደግሞ ከዚያም አነሱ። የንጉሡን ትልቅ ሐሳብ ለማሳነስ አይደለም ይህን የምለው። አገሩን በሙያ ለማስታጠቅ የነበራቸው ጉጉት ዛሬም ያስቀናል። ነገር ግን ሐሳቡ የንጉሡ ሲሆን ትከሻው የሌላ ሰው ነበር፤ ታሪክ የምንለው ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ እንደሆነ ነው።

ለክረምት ዕረፍት ወደ ጋይንት፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ፋርጣ፣ ወደ ደላንታም የምትሄዱ ጓደኞች አላችሁ። ያ መድፍ የተጎተተበት አገር የእናንተ ሰፈር ነው። ከሽማግሌዎች፣ ከአሮጊቶችም ጋር ቁጭ በሉ፤ በየደጃችሁ ያለው ገደልና መንገድ ምን እንደሚባል፣ ስሙ ከምን እንደመጣ ጠይቁ፤ ጻፉት። ተመልሰን ስንገናኝ ጨዋታው ይቀጥላል። አንዱ ተነሥቶ «ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ገደል እንደወጣ ታውቁ ኖሯል?» ቢል፣ «ኧረ ተው!» ብላችሁ አትለፉት። «ማን ጎተተው?» በሉት።