የድምፅ አካል፤ ከክራር ቆዳ እስከ ሞንታርቦ

ኪነ ጥበብ በመሣሪያ ይገለጻል፤ መሣሪያም የሠራውን ኅብረተሰብ የዕውቀት ደረጃና የኑሮ ሁኔታ ይናገራል። ስለሆነም የአንድን ሕዝብ የሙዚቃ ታሪክ ለመረዳት የሚሻ ሰው ዘፋኞቹንና የዜማ ደራሲዎቹን ብቻ ሳይሆን፣ ድምፃቸው ያለፈበትን ሣጥንም መመርመር ይገባዋል። በኢትዮጵያ ስለ ክራር፣ ስለ በገናና ስለ መሰንቆ ጥቂት የማይባል ተጽፏል። ድምፅ ማጉያው ግን ከመድረኩ ጠርዝ ቆሞ ሁሉን ሲያሰማ ኖሮ፣ የራሱን ታሪክ የሚያሰማለት ብዙ ሰው አላገኘም።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዲጂታል ሞዴለር የሚባለው፣ የታወቁ የጊታር አምፕሊፋየሮችን ድምፅ በስሌት የሚያስመስል ትንሽ መሣሪያ በወጣት ጊታሪስቶች እጅ ከገባ ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮት መጥቷል። ይኸውም መሣሪያው በምን ሣጥን ይሰማ የሚል ነው፤ የገባለትን ድምፅ ሁሉ እንዳለ ለማውጣት በተሠራው ሞንታርቦ ወይስ ለጊታር ብቻ በተሠራው ሣጥን? ጥያቄው ሲያዩት የነጋዴና የቴክኒሽያን ይመስላል። ሥሩ ግን የሙዚቃ መሣሪያ የሚያበቃው፣ ድምፅ ተሸካሚው የሚጀምረው ከየት ላይ ነው የሚለው የቆየ ነገር ነው።

፩. አውታርና ሣጥን

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ምርመራ የሚረዳ ማስረጃ አለው። በመካከሉ ባለው አምስት ኪሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። በዚህ ሙዚየም ከሚታዩት ቅርሶች መካከል የአገሪቱ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይገኙበታል።

እነዚህን መሣሪያዎች በጥሞና ላያቸው ሁሉም አንድ ትምህርት ያስተምራሉ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት፤ መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ። አውታሩ ተነጥሎ በሁለት ችንካር መካከል ቢወጠር ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ በቅጡ አይሰማም። ድምፅ የሚሆነው ንዝረቱን ለእንጨቱና በላዩ ለተወጠረው ቆዳ ሲያስረክብ ነው። ቆዳው ደግሞ የተቀበለውን እንዳለ አያስተላልፍም፤ አንዳንዱን ንዝረት ያጎላል፣ አንዳንዱን ያፍናል። በገና ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያን የታወቀውን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። እንዚራው ሲወጣ ዜማው ያው ሆኖ በገናው ሌላ መሣሪያ ይመስላል። እንግዲህ የመሣሪያው ጠባይ የሚኖረው በአውታሩ ብቻ ሳይሆን በአካሉም ነው ማለት ነው።

፪. አካሉን የተነጠቀ መሣሪያ

ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ አዲስ አበባ የገባው ማጉያ በማይፈልግ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወጣት አርመናውያንና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ። መለከትና ትሮምቦን አደባባይ ለመሙላት ከሳንባ በቀር ሌላ ኃይል አያሻቸውም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላ በአራዳ ቴአትር ቤት የሆነው፣ ክራሩንና መሰንቆውን ከጎጆና ከጠጅ ቤት አውጥቶ በመቶ ከሚቆጠር ተመልካች ፊት ሲያቀርብ ግን አዲስ ችግር ተፈጠረ። ለአንድ ክፍል የተሠራ አካል አዳራሽ መሙላት ነበረበት። የማይክሮፎንና የድምፅ ማጉያ አስፈላጊነት የመነጨው ከዚህ ነው።

በሌላው ዓለም ችግሩ ሌላ መንገድ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1925 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ዛሬም የሚሠራበትን የድምፅ ማጉያ ንድፍ ለዓለም አስተዋወቁ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ ቀረበ። በ1946 ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1962 ደግሞ የለንደኑ ከበሮ መቺ ጂም ማርሻል በስሙ የሚጠራውን አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። በዚህ ሂደት ጊታሩ ቀስ በቀስ ሆዱን አጣ። ጠጣር እንጨት ሆኖ ከአውታሩ ሥር ማግኔት ተተከለለት፤ አካሉ ከተጫዋቹ ጉልበት ወርዶ ሁለት ክንድ ርቆ መሬት ላይ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ገባ።

የዚህ ሣጥን ስፒከር ዐሥራ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው የወረቀት ሾጣጣ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ሲሰማ፣ የጊታር ስፒከር ግን ከ5,000 ገደማ በላይ ያለውን በብዛት ያስቀረዋል። ይህ በመጀመሪያው የዘመኑ ቴክኒክ ጉድለት ነበር። ሆኖም ተጫዋቾቹ ጣታቸውን ከጉድለቱ ጋር አስማሙት። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጎላ የሚፈጥረውን ስለታም ፍጭት ያ ወረቀት ያለዝበው ነበርና፣ ሣጥኑ ልክ እንደ ክራሩ ቆዳ የመሣሪያው አካል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የጊታር ሣጥን ድምፅ ማጉያ ተብሎ ቢጠራም በሥራው የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

፫. ሞንታርቦ የሚለው ቃል

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ጊታር በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በየሆቴሉ ባንዶች ውስጥ ቦታ ያዘ። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ካቋቋመ በኋላ ድምፁ ወደ ሸክላ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የታተመውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያደመጠ ሰው፣ ጊታሩ ከድምፃዊው ሥር ሳይወጣ፣ ግን ሳይጠፋ፣ ቦታውን ጠብቆ ሲጓዝ ይሰማል። ይህን ቦታ ከሰጡት ምክንያቶች አንዱ የተጫዋቹ ጣት ነው፤ ሌላው የዚያ ሣጥን ጠባይ ነው። በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተው ሰላም ሥዩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናና የዘመናዊውን ሙዚቃ አመጣጥ በምርምር የጻፈ ሰው መሆኑ፣ ተጫዋቹ የመሣሪያውን ታሪክ ቢመረምር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። የመሣሪያ እጥረት በነበረበት መድረክ ማይክሮፎኑም፣ ክራሩም፣ ጊታሩም ወደ አንድ ማጉያ ይገቡ ነበር። በአማርኛ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሁሉ «ሞንታርቦ» ይባላል፤ ቃሉ የአንድ የጣልያን ኩባንያ ስም ነው። ሠርግ ሲደገስ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ቴአትር ሲታይ «ሞንታርቦ ተከራዩ» ይባላል። ሕዝቡ ለሁሉም አንድ ስም መስጠቱ ትክክለኛ ምክንያት አለው፤ በልምዱ ያየው ሁሉን ለማሰማት የተሠራ አንድ ሣጥን ነውና። ሆኖም አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሲሸፍን፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ገንዘብ ከወጣ በኋላ ይሆናል።

፬. ምርጫው

እ.ኤ.አ. በ1995 የሮላንድ፣ በ1998 የላይን ሲክስ፣ በ2006 የፍራክታል ኦዲዮ፣ በ2011 ደግሞ የኬምፐር መሣሪያዎች ተከታትለው ወጡ። እነዚህ መሣሪያዎች ማጉያውን ብቻ አያስመስሉም፤ ሣጥኑንና ከፊቱ የተተከለውን ማይክሮፎን ጭምር እንጂ። አሠራሩ የተራቀቀ ቢሆንም ሐሳቡ ቀላል ነው። ከዝቅተኛው ንዝረት እስከ ከፍተኛው የሚያልፍ ድምፅ በእውነተኛው ሣጥን ይለቀቃል፤ በማይክሮፎን ይቀዳል፤ ሣጥኑ ምን እንዳጎላና ምን እንዳፈነ በስሌት ተለይቶ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ማናቸውም ጊታር በዚያ ምዝገባ ውስጥ ሲያልፍ፣ በሣጥኑ ያለፈ ያህል ይሆናል።

ከዚህ በመነሳት ምርጫው በዝና ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ይወሰናል፦ የድምፁ አካል የት ነው ያለው? የሣጥኑ ምዝገባ በሞዴለሩ ውስጥ በሥራ ላይ ከሆነ፣ አካሉ ውስጥ ነውና የሚያስፈልገው ምንም የማይጨምርና የማይቀንስ የሙሉ ድምፅ ስፒከር፣ ማለትም በትክክል የተሠራ ሞንታርቦ ነው። ምዝገባው ከተዘጋ ግን አካሉ በእውነተኛው የጊታር ሣጥን መሰጠት አለበት። ሁለቱ ሲደራረቡ ድምፁ ሁለት ጊዜ ታፍኖ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ይመስላል። ሁለቱም ሲታጡ ደግሞ እንደ ተቆጣ ንብ መንጋ ይነዝራል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ድምፃዊው ነው፤ የቃሉ ጥራት ያለበትን የድምፅ ክልል ጊታሩ ይሻማዋልና። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው፣ በፊልም ያማረው መሣሪያ በመድረክ ላይ የሚያሳፍረው ብዙውን ጊዜ በራሱ ጉድለት ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ስሕተቶች ነው።

የጊታር ሣጥንን የሚመርጡ ተጫዋቾች ምክንያት አላቸው። ከሞንታርቦ የሚሰማው በማይክሮፎን የተቀዳ የማጉያ ድምፅ ነው፤ ከሣጥኑ የሚሰማው ግን በክፍሉ ውስጥ ያለ ማጉያ ነው፤ ተጫዋቹ በእግሩ ሥር ይሰማዋል። በአንጻሩ አራት ስፒከር የያዘው ሣጥን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ድምፁን ወደ ፊት አጥብቦ ስለሚወረውር ከጎን የተቀመጠው ተመልካች ሌላ ነገር ይሰማል። አንድ ድምፅ ብቻ የሚጫወት፣ በትንሽ ክፍል የሚጫወት ጊታሪስት ሣጥኑን ቢመርጥ አልተሳሳተም።

የኢትዮጵያ መድረክ ግን የጊታር መድረክ ብቻ አይደለም። መሰንቆ በጊታር ሣጥን ሲያልፍ የፈረሱ ጭራ ፍትጊያ፣ ያ ከዜማው በላይ የሚሰማው ትንፋሽ፣ ይጠፋል። በገናም የእንዚራውን ንዝረት ያጣል። የክራር ሙሉ አካል በማይክሮፎን ሲጎላ ደግሞ ቆዳው የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ እየተቀበለ ያጮኸዋል፤ ተጫዋቾች ማግኔት ወደ ተተከለለት የኤሌክትሪክ ክራር ከዞሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በዚህም ችግሩ ቢቃለልም፣ ክራሩ እንደ ጊታሩ ሁሉ የቆዳውን ድምፅ ለሽቦ ድምፅ ለውጧል። ስለዚህ ለቴአትር ቤት፣ ለባህል ቡድንና ለትምህርት ቤት በጋራ ለሚገዛ ዕቃ የሚመከረው የሙሉ ድምፅ ስፒከር ነው። ለአንዱ እንግዳ የተሠራ ሣጥን ለባለቤቶቹ ሁሉ ሕግ ሊሆን አይገባውም።

ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ሞንታርቦው አካል የለሽ ተሸካሚ ከሆነ፣ ድምፅ የሚወስነው በሞዴለሩ ማኅደር ውስጥ የተመዘገበው የአካል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በአመዛኙ የካሊፎርኒያና የለንደን ሣጥኖች ስም ነው። ሽቦ የተወጠረበት ክራር በዚያ ውስጥ ሲያልፍ የሚለብሰው የሌላ አገር ወረቀት ነው። የክራርን ቆዳና የበገናን ሣጥን ግን በዚያው ዘዴ መመዝገብ ይቻላል፤ የሚጠይቀውም ጥሩ ማይክሮፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ኮምፒዩተርና መሣሪያውን የሚያውቅ ጆሮ ነው። ስለ ንዝረት የሚማረው የአምስት ኪሎ ተማሪ፣ ክራር የሚማረው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪና መሣሪያዎቹን የሚጠብቀው የሙዚየም ሠራተኛ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት ይኖራሉ። የባህል ተቋማት ተግባር እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ሽቦ የለበሰው ክራር በሞንታርቦ ሲሰማ የራሱን ቆዳ ድምፅ ይዞ ይሰማል።