ከቦረና ዕጣን እስከ ዓለም ከተማ አምበር፦ የአንድ ዕድሜ ታሪክ



ከነገሌ ቦረና ለመጣ ሰው ዛፍ ስለሚያነባው ፈሳሽ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቦረና ዕጣን በንግድ ከትግራይና ከኦጋዴን ዕጣን ጋር ስሙ ይጠራል፤ ብዙውን ጊዜም የሚለቀመው ዛፉ ሳይበጣ በራሱ ካፈሰሰው ነው። ይህ ዕጣን ቢቀበር ግን አምበር አይሆንም። ዕጣንና ከርቤ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ የተቀላቀለባቸው ናቸው። አምበር የሚወጣው ንጥረ ነገሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ከሚጠነክሩ ሬዚን ነው፤ እርሱም በደለል ሥር ሚሊዮን ዓመታት መቆየት አለበት።

እንዲህ ያለው አምበር በአገራችን የተገኘው በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ዕድሜውን ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ገመተ። መረጃው በአምበሩ ዙሪያ ባለው ደለል የተገኘ የጽጌ ብናኝ ነበር። በውስጡ ከታሰሩት ነፍሳት መካከል አንዲት ጉንዳን ስለነበረች፣ የጉንዳን ዘር ምናልባት ከአፍሪካ ተነሥቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ ተሰማ። ዜናው ኩራትም አስገኘልን።

ይሁን እንጂ ተጨማሪ ቅሪቶች ሲመረመሩ ነፍሳቱ ዛሬ በሕይወት ላሉት ወገኖች እጅግ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። የጽጌ ብናኙም እንደገና ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የአፍሪካ አምበር ግምገማ ዕድሜውን ከ23 እስከ 16 ሚሊዮን ዓመት፣ ማለትም በማዮሲን ዘመን አኖረው። ጉንዳኗ የጥንት ምስክርነቷን አጣች። የአምበሩ ዋጋ ግን አልወደቀም፤ በዚያ ዘመን የነበረው የአፍሪካ ደን ሕይወት የተጻፈበት ብርቅ ሰነድ ነውና። ችግሩ የመጀመሪያው ቁጥር ዛሬም በየጽሑፉና በየዕንቍ ሻጩ መለያ ላይ መገልበጡ ነው።

ተመሳሳይ ስሕተት በጨሌ ንግድም አለ። «የአፍሪካ አምበር» እየተባለ የሚሸጠው ቢጫ ጨሌ ብዙው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ ፋብሪካዎች የተሠራ ሰው ሠራሽ ሬዚን ነው። በደንብ ጨው በጠገበ ውሃ ቢነከር አምበር ይንሳፈፋል፤ ይህኛው ይሰጥማል።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕድሜም እንደ ማንኛውም የታሪክ ቃል ምስክር እንደሚጠየቅ ነው። ምስክሩ ሲለወጥ ፍርዱን ማሻሻል ለአገር ውርደት አይደለም። ቁጥር ስትጠቅሱ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንዳለው አብራችሁ ጠይቁ።