የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?



ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ለመሸኘት ብቻ ነው እንዴ? እኛ እንደዚያ አይመስለንም። በሕይወት ያለውን አባል ማቆየትም ሥራችን ነው። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣን። ሐኪም አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ያሳለፍን ጡረተኛ ጸሐፊ ነን። ይሁን እንጂ ይኸ ታሪክ በአብዛኛው የመዝገብና የቁጥር ታሪክ ስለ ሆነ ብዙም አልራቀንም። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በልጅነታችን ነቀርሳ የያዘው ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነበር የሚነሣው። ስኒው ለብቻ፣ መደቡም ለብቻ ነበር። የበሽታውን ጀርም ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በ1882 አግኝቶ ለዓለም አስታውቋል። ነገር ግን ጠላቱ ከታወቀ በኋላ የሚገድለው መድኃኒት እስኪገኝ 60 ዓመት አለፈ። በ1943 በአሜሪካ አገር በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አልበርት ሻትስ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት በአፈር ውስጥ ከሚኖር ጀርም አገኘ።

ታዲያ መድኃኒቱ በእርግጥ እንደሚያድን በምን ይታወቃል? አንዱ በሽተኛ ያለ መድኃኒትም ሊሻለው ይችላል፤ ሌላው እየተወጋም ይሞታል። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ከጦርነት የወጡ ስለ ነበሩ ለሁሉም የሚበቃ መድኃኒት መግዛት አልቻሉም። ስለዚህ በ1947 107 በሽተኞችን መርጠው ለሁለት ከፈሏቸው። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን ተወጉ፤ 52ቱ እንደ ልማዱ አልጋ ላይ ዐርፈው ተኙ። ማን ወዴት እንደሚመደብ ሐኪሙ አልመረጠም፤ ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር። የራጅ ፎቶግራፎቹንም ያነበቡት ሰዎች የማን ፎቶ እንደ ሆነ እንዳያውቁ ተደረገ። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ አድልዎ የሚገባበት ቀዳዳ ተደፍኗልና። ስድስት ወር ሲሞላ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት 14 ሰዎች ሞተው ነበር። ውጤቱ በ1948 ታተመ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከአምስት ዓመት በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 32ቱ፣ ካላገኙት 52 ደግሞ 35ቱ ሞተዋል። ልዩነቱ እምብዛም ሆነ። ምክንያቱ ምን ነበር ቢሉ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደው። በበሽተኛው ሳምባ ውስጥ ከሚኖሩት እጅግ ብዙ ጀርሞች መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱ የማይነካቸው ናቸው። ሌሎቹ ሲያልቁ እነዚያ ይቀራሉ፤ ይራባሉ፤ ቤቱንም ይወርሱታል።

መፍትሔው በኛ አገር አባባል ሊነገር ይችላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ስትሬፕቶማይሲን ፓስ ከተባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ የጀርሙ መላመድ እጅግ እንደ ቀነሰ በ1950 በወጣው ጥናት ታየ። ከአንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋልና ነው። በ1952 ደግሞ አይሶኒያዚድ መጣ።

በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው፣ ከ1956 ጀምሮ ሌላ ጥያቄ ተጠየቀ፤ በሽተኛው የግድ ሐኪም ቤት መተኛት አለበት ወይ? ግማሾቹ በሆስፒታል፣ ግማሾቹ በጠባብና በድኻ ቤታቸው ሆነው መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ወሰዱ። በ1959 ውጤቱ ሲወጣ የሁለቱ ወገኖች መዳን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በቤት የታከሙት ሰዎች ቤተሰብም ከሌሎቹ የበለጠ አልታመመም። እንግዲህ ስኒ መለየቱ ሳይሆን መድኃኒቱን በወግ መውሰዱ ነው ቁም ነገሩ። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ በተደረገው ጥናት ሪፋምፒሲን ወይም ፒራዚናማይድ ሲጨመር ሕክምናው በስድስት ወር ሊያልቅ እንደሚችል ተረጋገጠ።

አሁን የራሳችንን እንናገር። በ1978 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አብሮን የሚሠራ አንድ ጓደኛ ነበረን። ያን ጊዜ ሕክምናው ከዓመት በላይ የሚፈጅ ነበር። መርፌውን ጨርሶ ሳሉ ሲቆም፣ ሥጋም ሲለብስ፣ «እንግዲህ ምን አለብኝ?» ብሎ ኪኒኑን ተወ። እኛስ ምን አደረግን? «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብለን ጠጅ ጋበዝነው። ኪኒኑን ግን አልጠየቅነውም። በዓመቱ በሽታው ተመለሰበት፤ በፊት ያዳነው መድኃኒት አሁን አልነካውም። የሰፈሩ ዕድር ድንኳን ሲተክል ካስማውን ከመቱት አንዱ እኛ ነበርን።

ዛሬ እንዲህ መድኃኒት ለለመደ ነቀርሳም ተስፋ አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይኸ ሕክምና በ2009 ተጀመረ። ሕክምናው 20 ወር የሚወስድ፣ ብዙ መርፌ ያለበትና አንዳንዱን ሰው መስማት የሚያሳጣ ነበር። ታዲያ የኛ አገር ሰዎች ከደቡብ አፍሪቃ፣ ከቬትናምና ከሞንጎሊያ በሽተኞች ጋር ሆነው ስትሪም በተባለው ጥናት ተሳተፉ። 424 ሰዎች ገቡበት። በ2019 በወጣው ውጤት ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከመቶ 78.8፣ ረጅሙ ደግሞ ከመቶ 79.8 ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ግማሽ በሆነ ጊዜ ተቀራራቢ ውጤት ማለት ነው። በሁለተኛውም ዙር ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ በ2022 እንደ ታየው፣ ቤዳኩዊሊን ያለበትና መርፌ የሌለው የ9 ወር ሕክምና መርፌ ካለበት በለጠ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ እንዲህ ላሉ በሽተኞች የስድስት ወር ሕክምና ደግፏል።

እነዚህ ሰዎች ዕጣ እንዲወጣላቸው ፈቅደው፣ ለሌላው መንገድ ጠርገዋል። እኛ የምናደርገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት አባል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል። የጀመረውም ቢሻለው እንኳ እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ጎረቤትም ከ«እንኳን ዳንክ» አስቀድሞ «ኪኒንህን ጨረስህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እኛ ያን ጊዜ ሳንጠይቅ ቀርተናልና።